ዓሣን በሚሊሜትር ለምትለኩ ሁሉ፦ ከወልቂጤ የተላከ ምስጋና

ይድረስ ለተከበራችሁ ዓሣ ለካዮች፤ ለዚሁ ሥራ ወጥታችሁ በሰው አገር ለቀራችሁም፣ በጣና ጀልባ ላይ ፀሐይ ለጠበሳችሁም፣ ዛሬም በየቤተ ሙከራው ፎርማሊን ሲሸታችሁ ለምትውሉም። 

በክትፎ አገር ተቀምጦ ለዓሣ ለካዮች ደብዳቤ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ወልቂጤ ለሚኖር ሰው ባሕር ሩቅ ነው፤ ውሃችን ራሱ ባሕር አይደርስም። ከጉራጌ ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚወርደው በዋቤ አድርጎ ግቤ ይገባል፤ ግቤ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ላይ ጉዞውን ይጨርሳል። ከዘቢዳር ተራራ ወደ ምሥራቅ፣ በቡታጅራ በኩል የሚወርደው በመቂ ወንዝ ዝዋይ ይደርሳል፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወርዶ አብያታ ላይ ይቀራል። ወደ አዋሽ ያዘነበለው እንኳ አፋር በረሃ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይተናል። በእነዚህ ውሆች ያደገ ዓሣ የባሕር ዘመዱን አያገኘውም። የሁለቱ አካል ጎን ለጎን የሚቀመጠው በእናንተ መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ ያው ሰሌዳ፣ ያው ካሊፐር፣ ያው የቁጥር ዓምድ። እኔም ባዮሎጂ ሳስተምር የምደገፈው በዚያ መዝገብ ነውና ምስጋናዬ ከባዕድ የመጣ አይደለም።

ሥራችሁ ለተመልካች አሰልቺ ነው፤ ይህን ስል አትቀየሙኝ። ዓሣው ግራ ጎኑን ወደ ላይ አድርጎ ሰሌዳ ላይ ይጋደማል። ከአፉ ጫፍ እስከ መጨረሻው የጀርባ አጥንት ያለው ርዝመት ይመዘገባል፤ የጅራቱ ክንፍ በመረብም በጠላትም ስለሚቆራረጥ ከዚህ ልኬት ውጭ ይደረጋል። ከዚያ የአካሉ ቁመት፣ የራሱ ርዝመት፣ የዓይኑ ወርድ፣ የአፉ ስፋት፣ የመንጋጋው ርዝመት፣ አካሉ ወደ ጅራት ሲያልፍ የሚጠብበት ቦታ፣ የየክንፉ ርዝመት ይከተላል። ቀጥሎ ቆጠራ አለ፦ በጎን መስመሩ ላይ የተደረደሩት ቅርፊቶች፣ የጀርባ ክንፉ አጥንቶች፣ በስንጥቡ ቅስት ላይ ያሉት ማጥለያዎች። ይህን ሥርዓት አሜሪካውያኑ ካርል ሀብስና ካርል ላግለር በ1940ዎቹ በመጽሐፍ አደላድለው ስላስቀመጡት የሰሜን ባሕሩ ለካይና የጣናው ለካይ ቁጥራቸውን ማመሳከር ይችላሉ። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ አሰልቺ ሥራ የሚወጣው ነገር ግን ያስደንቃል። አፉ ወደ ታች የተከፈተ ዓሣ ከሥር ይለቅማል፤ ወደ ላይ የተከፈተ ከበላዩ የሚያልፈውን ይጠብቃል። አንጀቱ ከአካሉ ብዙ እጥፍ ከረዘመ አልጌና ዝቃጭ በይ ነው፤ ካጠረ ሥጋ በይ ነው። የስንጥቡ ማጥለያዎች ረጃጅምና የተቀራረቡ ከሆኑ ደቃቅ የውሃ ነፍሳትን እያጠለለ ይኖራል። ጅራቱ ሰፊ ቅስት፣ የጅራቱ ሥር ደግሞ ቀጭን የሆነው ቱና ውቅያኖስ ሲያቋርጥ አያርፍም፤ ጅራተ ክቡ ዓሣ ከድንጋይ ሥር ተደብቆ አንዴ ብቻ ይወረወራል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን የነገራችሁን እናንተ ናችሁ፤ ባለ 40 ሴንቲ ሜትሯ እናት ከባለ 20 ሴንቲ ሜትሮቹ ሁለቱን ብቻ የምትመዝን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ሰሌዳ ላይ ሳሰላላቸው ሒሳብ የሚጠሉት እንኳ ቀና ይላሉ።

በካሊፐር የማይያዘውንም አልተዋችሁም። ሆድ ቀዳችሁ የበላውን ለይታችኋል፤ የጆሮ ድንጋዩን ሰንጥቃችሁ ቀለበቱን ቆጥራችሁ ዕድሜውን ገምታችኋል፤ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚውል፣ በየትኛው ወር የት እንደሚራባ፣ በምግብ ሰንሰለቱ ላይ ስንተኛው እርከን ላይ እንደተቀመጠ ጽፋችኋል። በጠረኑ ምክንያት ባልደረባ የማይጠጋችሁ ቀን እንደነበረም እገምታለሁ።

መጀመሪያ ማመስገን ያለብኝ የሞቱትን ነው። የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔር ፎርስካል ከዴንማርክ ንጉሥ ጉዞ ጋር ወደ ቀይ ባሕር መጥቶ ዓሦቹን በጥንቃቄ መዘገበ፤ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ጽሑፉን ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ፎርስካል ዓሣን እንደ ቅጠል ናሙና ነበር የሚያደርቀው፤ ግማሽ ቆዳውን ገፎ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። እነዚያ ዓሦች ዛሬም ኮፐንሃገን ይገኛሉ።

ከእሱ በኋላ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል መጣ። ሩፔልን የማመሰግነው ሁለቱን ውሃ ባንድ እጅ ስለያዘ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ምጽዋ ላይ የባሕር ዓሣ ሰበሰበ፤ ከዚያ ደጋውን ወጥቶ ጎንደር ደረሰ፤ የጣናን ዓሦችም መዘገበ። ከጣና ለወሰዳቸው ለአንዳንዶቹ የሰጣቸው ስም ከአገሬው አፍ የሰማውን ይመስላል፤ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪ የሚሉት በሳይንሱ መዝገብ እስካሁን አሉ። ናሙናዎቹ ፍራንክፈርት፣ ዘንከንበርግ ሙዚየም ናቸው። የእኛን ሐይቅ ዓሣ የመጀመሪያ ናሙና ለማየት ጀርመን መሄድ ማስፈለጉ ቅር ያሰኘኛል፤ ባይወስደው ኖሮ ግን የሚታይ እንደማይኖር አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጣና ነጭ ዓሣ ታሪክ ባይኖር ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ከሩፔል በኋላ የመጡት ስም አበዙ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ማብቂያ፣ በ1940፣ ጆርጆ ቢኒ ዝርያና ንዑስ ዝርያ እያለ ዝርዝሩን አስረዘመው። ስሞቹ ብዙ፣ የተለኩት ዓሦች ጥቂት ነበሩ። በ1973 የለንደኑ ኪት ባኒስተር ይህን ሁሉ ጠራርጎ ትልልቆቹን የጣና ነጭ ዓሦች በሙሉ ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ዘመዶቻቸው ጋር አንድ ዝርያ ብሎ ደመደመ፤ ባርበስ ኢንተርሜዲየስ። መልካቸው ይለያያል እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይሸጋገራል ነበር ክርክሩ። በነበረው መረጃ ሲታይ ያለ ምክንያት አልነበረም። ውጤቱ ግን ቆጮን፣ ቡላንና አሚቾን ሁሉንም «እንሰት ነው» ብሎ እንደ መተው ሆነ፤ ሐሰት አይደለም፣ ለሚያበስለውም ለሚበላውም ግን አይጠቅምም።

በ1990ዎቹ ከዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሌኦ ናገልከርከ፣ ፈርዲናንድ ሲቢንግና ባልደረቦቻቸው ባሕር ዳር ተቀምጠው ዓሡን አንድ በአንድ መለካት ጀመሩ። የአፍ ስፋት፣ የዓይን ወርድ፣ የራስ ርዝመት፣ የጀርባ ጉብታ፣ የከንፈር ውፍረት። ቁጥሮቹ ሲደረደሩ ቀጣይ ነው የተባለው ሽግግር ተበጣጥሶ ተገኘ፤ በመካከሉ ክፍተት ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ጽሑፍ በ1994፣ ክለሳው በ1997 ወጣ። በ2000 ደግሞ ኦሴንሲስ የተባለውን አዲስ ዝርያ ጨመሩ፤ ስሙ ለመምህራቸው ለፕሮፌሰር ያን ኦሴ መታሰቢያ ነው። አንድ የነበረው 15 ሆነ። ዛሬ ላቢዮባርበስ በሚባለው ወገን ሥር የተመዘገቡት እነዚህ ዓሦች፣ ከካርፕ ቤተሰብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሳይጠፋ የቀረ ብቸኛ ትልቅ የዝርያ መንጋ ተብለው በዓለም ይጠቀሳሉ።

የሚደንቀኝ ሁለተኛው እርምጃቸው ነው። ሲቢንግና ናገልከርከ የየምግቡን ባሕርይ ዘረዘሩ፤ ቀንድ አውጣ ይደቅቃል፣ ተክል ይቆረጣል፣ ዓሣ ይባረራል፣ ደቃቅ ነፍስ ይጠለላል። እያንዳንዱ ሥራ ምን ዓይነት አካል እንደሚጠይቅ አሰቡና ከልኬቱ ብቻ ተነሥተው «ይህ ዓሣ ይህን ይበላል» ብለው ተነበዩ። ከዚያ ሆዱን ከፍተው ከትንበያው ጋር አስተያዩት። ሱርኪስ ተክል በይ፣ ጎርጎሬንሲስ ተክልና ቀንድ አውጣ በይ፣ ከንፈረ ወፍራሙ ነጅያ ከደለል ውስጥ የነፍሳት እጭ ለቃሚ፣ ራሰ አጭሩ ብሬቪሴፋለስ ደቃቅ ነፍሳት በይ። ከ15ቱ 8ቱ ደግሞ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ጨጓራ የሚባልም የለውም። በእንዲህ ያለ አካል አዳኝ መሆን ከባድ ነው። ጣና ውስጥ ግን ሌላ ብርቱ ተፎካካሪ ስላልነበረ ስምንት ዝርያ በየፊናው ሞከረው፤ አንዱ በአፉ ስፋት፣ አንዱ በዓይኑ ትልቀት፣ አንዱ በአካሉ ርዝመት።

ዝርያዎቹ ከውጭ የመጡ አይመስልም፤ ከሐይቁ በታች ያለው ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ይከለክላል። ሐይቁ ደርቆ ዳግም የሞላው የዛሬ 15 ሺህ ዓመት ገደማ መሆኑን የደለል ጥናት ያሳያል። ይህ ሁሉ መለያየት የተፈጠረው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሆነ፣ ለአዝጋሚ ለውጥ በጣም አጭር ነው። የእናት ወገን ዲኤንኤ ብቻ ሲታይ ዝርያዎቹ እርስ በርስ እንደተደባለቁ ናቸው፤ ልዩነታቸውን መጀመሪያ ያሳየው ያ ተራ ካሊፐር ነበር። ዲኤንኤ ከመጣ ወዲህ ልኬት አርጅቷል ለሚሉ ሰዎች ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ።

በዚሁ በጣና ላይ ደግሞ ተመራማሪው እሸቴ ደጀን የትንንሾቹን ነገር ይዘው መጡ። ከጥቂት ሴንቲ ሜትር የማያልፉ ዓሦችን ማን ይለካል? እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ለክተው፣ ከዳርቻው ዘመድ ጋር ሲምታታ የኖረውን ባርበስ ታናፔላጂየስን በ2000 ለዓለም አስተዋወቁ። ሐይቁ መካከል ደቃቅ ነፍሳትን የሚበላው ይህ ትንሽ ዓሣ ለእነዚያ ለስምንቱ አዳኞች ዋና ምግብ ከሆኑት አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ለካዮችን አሠለጠኑ፤ ረድኤት ሀብተሥላሴ በ2012 የኢትዮጵያን ዓሦች ከነመለያቸው በሥዕል አስደግፈው በመጽሐፍ አቀረቡልን። ስማቸው ያልተጻፈ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ መረብ ጎታቾችና ሚዛን ያዦች ደግሞ አሉ፤ ምስጋናዬ እነሱንም ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለስም ብቻ አልነበረም። በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ገባ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቻቸው ከ1991 እስከ 2001 በናሙና የተያዘውን ዓሣ ሲያወዳድሩ፣ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆልቁለው አገኟቸው። ገበያው ሁሉንም «ነጭ ዓሣ» ብሎ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ሳይንሱም በ1973ቱ ስም ቢቀጥል ኖሮ ቅናሹ በጅምላው ውስጥ ተሸፍኖ፣ ወንዝ ላይ እንቁላላቸውን ሊጥሉ በተሰበሰቡበት በመረብ የሚታፈሱት የትኞቹ እንደሆኑ ማን ይለይ ነበር? ያልተለየ ነገር ሲያልቅ አያስታውቅም። ምክሩም ከዚያው ልኬት ወጣ፦ በመራቢያ ወራት የወንዝ አፎችን መዝጋት፣ የመረብ ዓይን ማስፋት። ምክሩ ምን ያህል ተሰማ የሚለውን ሌላ ደብዳቤ ይመልሰው።

ባሕሩም ላይ ታሪኩ ይኸው ነው፤ መጠኑ ይሰፋል እንጂ። በኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ማጥመድ በ1992 ሲዘጋ ዓለም ደነገጠ። ዓሦቹ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በለጋ ዕድሜና በትንሽ አካል መራባት እንደጀመሩ የተረዳነው ለካዮች ከዓመት ዓመት ያቆዩት መዝገብ ስለነበረ ነው፤ አካሉ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ዳንኤል ፖሊና ራይነር ፍሮዘ ደግሞ በየአገሩ የተበተነውን ልኬት በአንድ ማኅደር ለመሰብሰብ ተነሥተው ፊሽቤዝን ፈጠሩ። በ1998 ፖሊና ባልደረቦቻቸው የየዝርያውን የምግብ እርከን ከዓለም የዓሣ ምርት ጋር አገናኝተው ሰው ከትልልቅ አዳኞች ጀምሮ ወደ ትንንሾቹ እየወረደ ባሕሩን እየበላው መሆኑን አሳዩ። ዛሬ የጣናው ሱርኪስና የቀይ ባሕሩ በቀቀን ዓሣ በዚያ ማኅደር ጎን ለጎን አሉ። ወልቂጤ ሆኜ በስልኬ የማነበው እሱን ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር።

ወዳጅ ያመሰግናል፣ ይወቅሳልም። ከእናንተ መካከል ርዝመትና ክብደት ብቻ ለክቶ፣ አንድ ቀመር አውጥቶ፣ ዲግሪውን ይዞ የሚሄድ በዝቷል። ያንኑ ሐይቅ፣ ያንኑ ቆሮሶና አምባዛ፣ ያንኑ ቀመር። ጥሬ ቁጥሩ ከመደርደሪያ አይወጣም፤ ባለቤቱ ሥራ ሲቀይር አብሮት ይጠፋል። የመኪና መንገድ የማይደርስበት ወንዝ ደግሞ እንደተረሳ አለ። ለለካው ሁሉ ምስጋና ይገባዋል ብዬ ብጀምርም፣ ለአሥረኛ ጊዜ ለተለካው ሐይቅ ያለኝ ምስጋና ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። የጣና ተአምር የሐይቅ ብቻ አለመሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ ባዮሎጂ ቡድን፣ በተለይ እነ አሌክሳንደር ጎሉብትሶቭና ቦሪስ ሌቪን፣ በገናሌና በጎጀብ ወንዞች ነጭ ዓሣ በአፍና በከንፈር ቅርጽ ተከፋፍሎ እንደሚኖር አሳይተዋል። መቱ አጠገብ በሶር ወንዝ ውስጥ ደግሞ ጋራ የሚባለው ትንሽ ድንጋይ ላሽ ዓሣ በስድስት ዓይነት አካል ተለያይቶ ተገኘ፤ ከመካከላቸው ዓሣ ወደ ማደን ያዘነበለም አለ። ጎጀብ የኦሞ ገባር ነው፤ ማለትም የእኛው የዋቤና የግቤ ውሃ ዘመድ። ታዲያ በግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ሥር፣ ጉማሬ በሚተኛበት ኩሬ ውስጥ የሚዋኘው ነጭ ዓሣ አንድ ነው ብለን የምናምነው በምን ማስረጃ ነው?

ጊዜውም አይጠብቅም። ከታች 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግቤ ሦስት ግድብ ቆሟል፤ ወራጁ ውሃ ሐይቅ ሆኗል፤ ለወንዝ የተሠራ አካል በሐይቅ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚታወቀው በፊትና በኋላ ከተለካ ብቻ ነው። በየገባሩ ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚጥል አለ፤ ያ መርዝ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይገላል።

ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር ልመናዬን ተቀበሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ስትመጡ የምታልፏት ሰበታ ላይ ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ እዚህ ጉብሬ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በመካከላቸው ያለው አስፋልት ነው። ካሊፐራችሁንና ሰሌዳችሁን ይዛችሁ ኑ። ከዋቤ ድልድይ ጀምራችሁ ግቤ ድረስ፣ በበጋም በክረምትም ለኩ፤ አፉን፣ ከንፈሩን፣ አንጀቱን፣ የሚራባበትን ወር። ፎቶውንና ጥሬ ቁጥሩን እዚሁ ከተማ አንድ ቅጂ ተዉልን፤ ተማሪዎቼ በሚቀጥለው ዓመት ከእሱ ይጀምራሉ።

አክባሪያችሁ፣
ከወልቂጤ